ደወሉ ያልጮኸ ዕለት

የዘይት ግፊት መለኪያዋ መርፌ ቁልቁል መውረድ ስትጀምር እኔ በኋላው ወንበር ላይ ተቀምጬ ዳቦዬን እገምጥ ነበር። መስታወቷን በጣቴ ቆርቆር አደረግኳት። አንዳንዴ እልኸኛ ናት፣ ሲነኳት ትመለሳለች። ዛሬ አልተመለሰችም። ዳቦውን ኪሴ ከትቼ የመነጋገሪያውን የጎማ ቱቦ ወደ አፌ አስጠጋሁና «ጌታዬ ሻምበል፣ ዘይቱ!» ብዬ ጮህኩ።

«አየሁት፣ ብሎን» አሉኝ ከፊት ወንበር። ድምፃቸው በዚያ ቱቦ ሲመጣ ከጉድጓድ የሚጣራ ሰው ይመስላል። «ስንት ደቂቃ አለን?»

«ሦስት። አራት ካገኘን ሞተሩ ወዶናል ማለት ነው።»

ብሎን የሚሉኝ እኔን ነው። አጭርና ድፍን ስለሆንክ ነው ይሉኛል፤ እኔ ግን አንዴ የያዝኩትን ስለማልለቅ ነው እላለሁ። የአውሮፕላኑ መካኒክ ነበርኩ። ያን ጊዜ ታላቁ ጦርነት ካበቃ ገና ሰባት ዓመቱ ነው። ከጦርነቱ የተረፉትን ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላኖች ፖስታ ቤት ተረክቦ፣ መትረየስ በነበረበት ቦታ የደብዳቤ ከረጢት እየጫነ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ከወደቡ ወደ ደሴቶቹ ይልከን ነበር። እንጨት፣ ሸራ፣ ሽቦና አንድ ሞተር፤ በቃ ይኸው ነው። ሬዲዮማ ማን አይቶ! ባሕር ላይ ጉድ ቢመጣብን የምንጣራው በርግብ ነበር።

የርግቡ ነገር እንዲህ ነው። ከአውሮፕላን ማቆያው ጀርባ ያለውን የርግብ ቤት የሚጠብቁ አንድ ሃምሳ አለቃ ነበሩ፤ አንድ ዓይናቸውን በጦርነቱ ያጡ፣ ከርግብ በቀር ማንንም የማያምኑ ሰው። ለየበረራው ሁለት ርግብ በቅርጫት ያስረክቡናል። ርግቦቹ ከዋዜማው ጀምሮ እህል አይቀምሱም። ስንለቃቸው ረሃቡ ወደ ቤታቸው ያስሮጣቸዋል፣ በጠባቧ በር ሲገቡ ሽቦ ይነካሉ፣ ሽቦው ደወል ይመታል፣ ሃምሳ አለቃው ሮጠው መልእክቱን ከእግራቸው ይፈታሉ፣ የሞተር ጀልባው ይነሳል። በወደቡ ይህን የማያውቅ የለም። ደወሉ ካልጮኸ ሰላም ነው፤ አውሮፕላኑ ቢዘገይም «አንዱ ደሴት ላይ ነዳጅ እየጠበቁ ነው» ተብሎ ሁሉም ምሳውን ይበላል። ሃምሳ አለቃው አንድ ሕግ ብቻ ነበራቸው፤ ከእሳቸው እጅ በቀር ከማንም እጅ አንዲት ፍሬ እንዳይቀምሱ።

ሕጉን የጣስኩት እኔ ነኝ። እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ እንውደቅ።

በሦስተኛው ደቂቃ ሞተሩ ውስጥ አንድ ነገር ቋ! ብሎ ተሰበረ፣ ጥቁር ዘይት የሻምበሉን የንፋስ መከላከያ መስታወት አለበሰው፣ ፕሮፔለሩም ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ የሽቦዎቹ ፉጨት ብቻ ቀረ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሞተር ሲጮህብኝ ኖሬ ያን ዕለት ዝም አለኝ።

«ብሎን፣ የመንሳፈፊያ ሰደርያህን ንፋ» አሉ ሻምበሉ። ሻይ አምጣልኝ እንደሚሉ ተረጋግተው ነው የሚናገሩት። «ቀበቶህን አሁን እንዳትፈታ። ቅርጫቱን ከፍ አድርገህ ያዝ፤ ውሃው እንዳይቀድማቸው።»

ማዕበሉን ፊት ለፊት እንዳንገጨው አግድም ይዘውት ጅራቱን ዝቅ አድርገው አወረዱት። እንዲህ ያለ አወራረድ በደረቅ መሬትም አይቼ አላውቅም፤ ጅራቱ ውሃውን ነካ፣ ሆዱ ነካ፣ እሰይ ልል አፌን ከፈትኩ። ያኔ ጎማዎቹ ውሃ ያዛቸውና ሰው ወገባችንን ይዞ እንደገፈተረን ሁሉ በአፍንጫችን ተደፋን። ባሕሩ አፌን ሞላው። ቀበቶዬን እንዴት እንደፈታሁ አላውቅም። ስወጣ ቅርጫቱ በግራ እጄ ነበር፣ አውሮፕላኑም አፍንጫውን ነክሮ ጅራቱን ሰቅሎ ይንሳፈፋል።

ሻምበሉ አልወጡም። ደግሜ ጠልቄ በሰደርያቸው ማንገቻ ጎትቼ አወጣኋቸውና እየገፋሁ ክንፉ ላይ አስተኛኋቸው። የመሪው ዘንግ ሆዳቸው ላይ ገብቶባቸው ነበር። ከውጭ አንዲት ጭረት የለም። ሲያስሉ ግን ከንፈራቸው ቀላ።

«ተሰብሬያለሁ መሰለኝ» አሉ። «ርግቦቹስ?»

አንደኛዋ ሰጥማለች። ሁለተኛዋ በሕይወት አለች፤ እርጥብ፣ የተናደደች። የዚህችኛዋ ስም ወይዘሮ ነው። ደረቷን ነፍታ፣ ቀስ ብላ፣ አገር የእሷ እንደሆነ ስለምትራመድ ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ሸሚዜ ውስጥ አስገብቼ አንድ ሰዓት ያህል በገላዬ አሞቅኳት። ሻምበሉ በእርሳስ፣ በስሷ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ከመብራት ማማው በስተምዕራብ ሃያ ማይል፣ ሞተር ተሰብሮ ባሕር ላይ ወርደናል፣ አንድ ሰው ተጎድቷል። ጠቅልዬ ከእግሯ ባለችው የብረት ቀፎ ከተትኩት። አራት ሰዓት ላይ ወደ ሰማይ ወረወርኳት።

ሁለት ጊዜ ዞረች። ከዚያ መጥታ ትከሻዬ ላይ ቁጭ አለች።

እንደገና ወረወርኳት። ዞረችና ተመለሰች። በዚህኛው ክንዴን ተከትላ ወርዳ ኪሴን ትቆነጥር ጀመር። ዳቦው ባሕር ጠጥቶ ሊጥ ሆኗል፣ እሷ ግን ቦታውን ታውቃለች። ሻምበሉ አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩን።

«ብሎን፣ ይህች ርግብ ታውቅሃለች እንዴ?»

ውሸት መጣልኝ፤ ግን እዚያ ክንፍ ላይ ውሸቱን የምደብቅበት ቦታ አልነበረም። «ታውቀኛለች፣ ጌታዬ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአምና ክረምት። ጠዋት ጠዋት ክንፋቸውን እንዲያፍታቱ ሲለቋቸው መስኮቴ ላይ ትመጣለች። ፍርፋሪ አደርግላታለሁ። ዛሬም ጎህ ሲቀድ መጥታ ነበር። ቅድም አየር ላይም በቅርጫቱ ቀዳዳ ሰጥቻታለሁ።»

«ለምን?»

ባለቤቴ ከጦርነቱ ማግስት በመጣው ወረርሽኝ እንደሞተችብኝ ሻምበሉ ያውቃሉ። ሴት ልጄን አክስቷ እንደወሰደቻትም ያውቃሉ። ያላወቁት ክፍሌን ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ያላንኳኳው በር። «ብቻዬን ስለምበላ ነው፣ ጌታዬ» አልኳቸው። «ፊት ለፊቴ ሌላ ነፍስ ሲበላ ማየት ያምረኛል።»

መሳቅ ጀመሩና ሕመሙ አቋረጣቸው። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «እኛ ዘንድ እንድትመጣ ስንት ጊዜ ጠራንህ?» አሉኝ። «አንዴ እንኳ ሳትመጣ ለርግብ ግብዣ ታደርጋለህ። አይ ብሎን! በል አሁን አባራት። እንድትመለስ አድርገህ አይደለም፤ እንድትጠላህ አድርገህ አባራት።»

በሕይወቴ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው። መጀመሪያ በእጄ እሽ አልኳት፤ ጨዋታ መሰላት። ውሃ ረጨሁባት፣ ወደ ጅራቱ ፈቀቅ ብላ አንገቷን አዘንብላ አየችኝ። የቆዳ ቆቤን አውልቄ መታኋት። በሁለተኛው ምት አንዲት ላባ ወለቀ። «ሂጂ! ሂጂ ከፊቴ! ምን ታደርጊልኛለሽ!» እያልኩ እንደ እብድ ጮህኩባት፣ ኪሴ የቀረችውን የብሎን መፍቻ ወረወርኩባት፣ ስታ ባሕር ገባች። ርግቧ ተነሳች። ከፍ አለች። አንዴ ዞራ በቀጥታ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ወደቡ፣ ዘወር ሳትል ሄደች። ነጥብ እስክትሆን ድረስ አየኋት፣ ከዚያም እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

«ጥሩ ሠራህ» አሉ ሻምበሉ። «አሁን እንቁጠር።»

ቆጠርን። የእጅ ሰዓታቸው ውሃ አልገባውም።

«ወይዘሮ ፈጣን ናት» አልኩ። «አምስት ሰዓት ሳይሞላ ደወሉ ይጮሃል።»

«ጀልባው ለመነሳት ሃያ ደቂቃ።»

«ሹፌሩ ካልጠጣ።»

«ጠጥቶም ይነዳል። ሲጠጣ እንዲያውም ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው።»

«እንግዲያው ስምንት ሰዓት ላይ እዚህ ናቸው።»

«ስምንት ሰዓት» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ስምንት ሰዓት የሚባለው ነገር እንደ አልጋ ሆነላቸው፤ እሱ ላይ ተጋደሙ።

ውሃው በየሰዓቱ ወደ እኛ ከፍ ይላል። የደብዳቤ ከረጢቶቹን አውጥቼ ከሻምበሉ ጎን ደረደርኩ፤ እንዳይንሸራተቱ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ምንም የሌለበት። እንዲህ ያለ ሰፊ ቦታ ላይ ሁለት ሰው በጣም ትንሽ ነው። ስለ ባለቤታቸው አወሩኝ፤ በበረራ ቀን ምሳ እንደማይበሉ፣ የርግብ ቤቱ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ደወሉን እንደሚጠብቁ፣ ሳይጮህ ሲቀር ተነስተው ቀሚሳቸውን አራግፈው ወደ ቤት እንደሚሄዱ። «ዛሬ ግን ጮኸባት» አሉ። «ደንግጣለች። ቢሆንም የት እንዳለሁ አውቃለች። ዋናው እሱ ነው።»

«ዋናው እሱ ነው፣ ጌታዬ።»

ስምንት ሰዓት ሆነ። ጀልባ የለም። ቆሜ አየሁ፤ መቆም ማለት በአንድ እጅ ሽቦ ይዞ መወዛወዝ ነው። ስምንት ተኩል ሆነ። «ማዕበሉ አዘግይቷቸው ነው» አሉ። እኔም አዎ አልኩ፤ ማዕበሉ ግን ከረፋዱ ጀምሮ ተኝቷል። ፊታቸው አመድ መሰለ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም እጄን ያዙና «ድምፅ ይሰማሃል?» አሉኝ።

የሚሰማኝ ውሃው ክንፉን ሲልስ ብቻ ነበር። «አዎ» አልኳቸው። «ከሩቅ። ሞተር ነው።»

«የእኛው ጀልባ ነው?»

«የእኛው ነው። ድምፁን አጥቼው አላውቅም።»

ደስ አላቸው። እጄን ትንሽ ጠበቅ አደረጉ፣ ከዚያ ለቀቁኝ።

ትንፋሻቸው ሲቆም ባሕሩ እንዳይወስዳቸው በደብዳቤ ከረጢት ማሰሪያ ከክንፉ ሽቦ ጋር አሰርኳቸው። ከዚያ ወዲያ ብቻዬን ነበርኩ። ብቸኝነትን አውቀዋለሁ ስል ኖሬያለሁ፤ የማውቀው ግን ግድግዳ ያለውን፣ ከግድግዳው ወዲያ ሰው የሚያስልበትን ነው። ስለ ሞተሩ አወራኋቸው። የትኛው ቱቦ እንደተሰነጠቀ፣ ለምን ከውጭ እንደማይታይ፣ ሁሉንም። ፀሐይዋ ውሃውን ልትነካ ስትል ጀልባው መጣ፤ ሹፌሩ አልጠጣም ነበር።

በማግሥቱ በጤና ጣቢያው አልጋ ላይ ሳለሁ አንድ ሻለቃና ሁለት ጸሐፊዎች መጥተው መረመሩኝ። ሙሉ ጠዋት ስለ ዘይት ቱቦው ጠየቁኝ። የጥገና መዝገቤን ገጽ በገጽ አገላበጡ። በመጨረሻ ሻለቃው «ከአንተ በኩል ጥፋት አልተገኘም» ብለው እጄን ጨበጡኝ። ስለ ርግብ አንድም ጥያቄ አልጠየቁኝም። በርግብ ቤቱ መዝገብ ላይ ተጽፎ ስለነበር መጠየቅ አላስፈለጋቸውም።

ምን እንደተጻፈ የነገሩኝ ሃምሳ አለቃው ናቸው። ሻለቃው ሲወጡ ገብተው በሩን ዘጉ፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና በአንዱ ዓይናቸው ትክ ብለው አዩኝ።

«ደወሉ አልጮኸም» አሉ።

«እንዴት አልጮኸም? በዓይኔ ነው የሸኘኋት። ወደ ወደቡ ነው የሄደችው።»

«ወደቡማ መጥታለች። እኔ ቤት አልገባችም እንጂ።» ጢማቸውን ዳበሱ። «የሻምበሉ ባለቤት አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ውለው፣ እኔ ደወል የለም፣ ሰላም ነው፣ ይሂዱና አረፍ ይበሉ አልኳቸው። ልባቸው እምቢ አላቸው። ምናልባት ብሎን ዛሬ አልበረረ እንደሆነ ልጠይቀው ብለው ወደ አንተ ክፍል ሄዱ። አንኳኩ። መልስ ሲያጡ በጓሮ ዞሩ። መስኮትህ ላይ አገኟት። መልእክቷን በእግሯ እንዳሰረች መስታወቱን ትቆረቁራለች።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«አስር ሰዓት።»

«ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው እዚያ የነበረችው?»

ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩት። «የግቢው ዘበኛ አምስት ሰዓት ሳይሞላ አይቷታል። ሁልጊዜ እዚያ ስለምትቀመጥ ምንም አልመሰለውም።»

አምስት ሰዓት ሳይሞላ። እንደቆጠርነው ነው፤ አንዲት ደቂቃ አላጎደለችም። እኛ ክንፉ ላይ ጀልባው ተነሳ ስንል፣ አሁን መብራት ማማውን አለፈ ስንል፣ እሷ መስኮቴ ላይ ቁጭ ብላ ባዶውን ክፍል ታይ ነበር። መትቼ ያባረርኳት ርግብ ቂም እንኳ አልያዘችብኝም። በጥላቻ ብትሄድ ኖሮ ሃምሳ አለቃው ጋ ትገባ ነበር።

«መዝገቡ ላይ አስር ሰዓት ገባች ብዬ ጽፌያለሁ» አሉ ሃምሳ አለቃው። «ሐሰት አይደለም፤ እጄ የገባችው አስር ሰዓት ነው። ከጠየቁህ ነፋስ መልሷት ይሆናል በል። ሻምበሉን አያስነሳቸውም እውነቱ። አንተም ሥራህን፣ ክፍልህን ታጣለህ። ባለቤታቸውን ደግሞ ምን ይጠቅማቸዋል? እንዲያውም ሊያመሰግኑህ እየመጡ ነው።»

እውነትም መጡ። ጥቁር ለብሰዋል፣ ፊታቸው አብጧል። ሃምሳ አለቃው ተነስተው ወንበሩን ለቀቁላቸውና ከበሩ አጠገብ ቆሙ። እኔ ለመነሳት ስሞክር በእጃቸው መለሱኝ።

«እስከ መጨረሻው አብረኸው ነበርክ አሉኝ፣ ወንድሜ» አሉ። «ክንፉ ላይ ያሰርከው አንተ ነህ። ባታስረው ኖሮ የምቀብረው አላገኝም ነበር። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

«እትዬ...» አልኩና ቀረሁ።

«ርግቧንም አንተ ነህ የላክሃት። መስኮትህ ላይ ባላያት ኖሮ እስከ ዛሬም ሰላም ነው እያልን ነበር።» መሐረባቸውን እጥፍጥፍ አደረጉት። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ ነው። ስንት ሰዓት ላይ ለቀቃችኋት?»

ሃምሳ አለቃውን አየኋቸው። ራሳቸውን ወዲያና ወዲህ ነቀነቁ፤ በጣም ቀስ ብለው። ቀላል ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ማለት ይበቃኝ ነበር፤ ክንፏ እስኪደርቅ ቆየን ብል ማን ይከራከረኛል? ባሕሩ ላይ አንድ ውሸት ዋሽቻለሁ፤ እሱን አልጸጸትበትም። ይህኛው ግን ለራሴ ነበር።

«አራት ሰዓት ላይ» አልኳቸው።

ጣታቸው መሐረቡ ላይ ቆመ። «እኔ ያገኘኋት አስር ሰዓት ነው።»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ያን ሁሉ ሰዓት የት ነበረች?»

«እዚያው። መስኮቴ ላይ። ማለዳ ማለዳ ፍርፋሪ አበላት ነበር፤ መከልከሉን እያወቅኩ። ወደ ቤቷ አልሄደችም። እኔን ፍለጋ ነው የመጣችው።»

ሃምሳ አለቃው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እትዬ ይጮኹብኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ጉንጬን አዘጋጅቼ ጠበቅኩ።

«እሱ ያውቅ ነበር?» አሉ በመጨረሻ።

«ማብላቴን ነግሬያቸዋለሁ። ሳቁብኝ። መስኮቱን ግን ሁለታችንም አላወቅንም። ደወሉ ጮኋል፣ እርስዎም ሰምተዋል፣ ጀልባው መንገድ ላይ ነው እያልን ነበር።»

«እስከ መጨረሻው?»

«እስከ መጨረሻው።»

ተነሱ። ወንበሩን ወደነበረበት ቦታ መለሱት። በሩ ጋ ሲደርሱ ሃምሳ አለቃውን «መዝገቡን ያስተካክሉት» አሏቸው፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ ወጡ። እርምጃቸውን በኮሪደሩ ላይ እስኪጠፋ ድረስ ሰማሁት።

ሃምሳ አለቃው መዝገቡን አምጥተው አልጋዬ ላይ ዘረጉት፤ ብዕሩን ግን ለእኔ ሰጡኝ። አስር ሰዓት የሚለውን ሰረዝኩና ከላዩ «አምስት ሰዓት ሳይሞላ» ብዬ ጻፍኩ። «የገባችበት ቦታ» በሚለው ዓምድ ሥር የራሴን ስም ጻፍኩ።